ደረቁን መዋኛ ስሥል

ላምበረት ባለችው ቤቴ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንታት የቆየ አንድ ሥዕል አለ። የጎንደሩ የፋሲል መዋኛ ነው፤ በብዕር የተነደፈ፣ በውሃ በቀጠነ ቀለም የተነካካ።

በ1624 ዓ.ም. ነግሠው እስከ 1660 በገዙት በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራውን ይህን ቦታ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በጥምቀት ፎቶ ነበር፤ ከቀሐ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ ሞልቶ፣ ጎረምሶች እየዘለሉ ሲገቡበት። እኔ የሄድኩት ግን ኅዳር ላይ ነው። ገንዳው ደርቋል። በጣም ከፋኝ። ጥላ ፈልጌ ቁጭ ስል ግን ፎቶው የደበቀብኝን አየሁ፦ ገንዳው ውስጥ ያለው ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት በቅስት እግሮች ላይ ነው የቆመው። ውሃ ሲሞላ ተንሳፋፊ የሚመስለው ለካ በእነዚህ እግሮች ነው።

የብራና ጸሐፊዎች የሚጽፉበትን ዓይነት መቃ ቀርጬ ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት ተበላሸ፤ ቀለሙ ውሃ ሲነካው ለቀቀና ቅስቶቹ ሁሉ አመድ ሆኑ። ሁለተኛውን ውሃ በማይበግረው ቀለም ነደፍኩ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ጥላውን በብሩሽ አለበስኩት። የጎንደር ፀሐይ ፋታ አይሰጥም፤ ብሩሹን አንሥቼ ሳልመልስ ጠርዙ ደርቆ መስመር ይሠራል።

ያስቸገረኝ አጥሩ ነው። የአሮጌ ዛፎች ሥር ግንቡ ላይ ወጥቶ፣ በድንጋዮቹ መሐል ገብቶ፣ ወርዶ መሬት ይዟል። ሥሩ ግንቡን ያፍርሰው ወይም ደግፎ ይያዘው፣ ቀርቤ በእጄ ዳስሼ እንኳ መለየት አልቻልኩም። ብዕር ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ይፈልጋል፦ ይህ ሥር ነው፣ ይህ ድንጋይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሁለቱንም በአንድ ርጥብ ግራጫ ቀለም ነካሁና እርስ በርሱ እንዲዋሐድ ተውኩት። ከሥዕሉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ውሃውን ረሳሽው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ደርቋል እኮ፣ አባባ።»

«ቢደርቅም ቦታውን ተይለት እንጂ፤ ጥር ሲመጣ የት ልትከቺው ነው?»

ወረቀቱን ገለበጥኩና ቤቱን ከፍ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ።

እዚህ ሰፈር በመስኮቴ የሚታየኝ ብሎኬትና ፌሮ ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ወረቀት የሚያስመዝዝ ጥላ ያለው ጥቂቱ ነው። ማታ ማታ ሥዕሉን አነሣና አያለሁ። ከቅስቶቹ በታች አራት ጣት የሚሆን ነጭ ወረቀት ቀርቷል። ቀለም በጥብጬ ሁለት ጊዜ ብሩሹን አቅርቤለት ነበር፤ ሁለቴም መለስኩት። ለከተራ ጎንደር ልሄድ ነው። ወረቀቱንም ይዤው እሄዳለሁ።