ቀኑን ሳያውቁ መጠበቅ

ተስፋ የሚለው ቃል በግዕዝ ተሰፈወ ካለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ተስፋ አደረገ፥ በናፍቆት ጠበቀ ማለት ነው። ስለዚህ በአባቶች ቋንቋ ተስፋ ያለው ሰው የሚጠብቅ ሰው ነው።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ በወረራው ዘመን በብርቱ ተፈተነ። የኢጣልያ ጦር ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝብ ተፈጀ፥ ቤትም ተቃጠለ። ከሞት ከተረፉትም ብዙዎች ወደ ዳናኔና ወደ ኖኩራ ተጋዙ። ገዢዎቹም በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ፥ ለአገሬው ሰው ይሁን ብለው፥ ወደ ምዕራብ ገፉት። ሰፈሩ አዲስ ከተማ፥ ገበያውም በእነርሱ ቋንቋ መርካቶ ተባለ።

በዚያ ገበያ ጨውና በርበሬ ዘርግታ የምትውለውን ሴት ማሰብ ይገባል፤ እንደ እርስዋ ያሉ ብዙ ነበሩና። ባልዋ በዱር ይሁን በግዞት፥ በሕይወት ይሁን በመቃብር አታውቅም። ዛሬ ታሪክ የሚያነብ ሰው ዘመኑን አምስት ዓመት ብሎ ይቈጥረዋል፤ መጨረሻውን ያውቃልና ያጥርበታል። ለእርስዋ ግን ቍጥር አልተሰጣትም። የነበረው ወሬ ብቻ ነው፤ ንጉሡ በመጪው ወር ይገባል ይባላል፥ ወሩ ያልፋል፥ ሌላ ወሬ ይመጣል።

በወሬ የተደገፈ ልብ ከወሬው ጋር ይወድቃል። በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ምርኮው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያልቅ ለሕዝቡ ነገረ፤ ነገሩም ጣፈጠ። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት መሆኑን አስታውቆ ወደ ባቢሎን ደብዳቤ ላከ፤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ ለዚያችም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዘ። ይህ ለሰሚው መራራ ነበር። በጠላት ከተማ አትክልት መትከል ማን ይወዳል? ነገር ግን ሁለቱ ዓመት ሲያልፍ ባዶ እጁን የቀረው ሐናንያን የሰማው ነው፤ የተከለው ግን ፍሬውን እየበላ ጠበቀ።

የመርካቶም ነጋዴ ጠላት ገፍቶ ባመጣው ቦታ፥ ገዢ ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ፥ ጥዋት ዕቃውን ይዘረጋ ነበር። ሴቲቱም ጨውዋን ሸጣ፥ ልጆችዋን አብልታ፥ ጸሎትዋን አድርሳ ትተኛለች። ይህ እንቅልፍ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚመጣውን አውቃ አይደለም የተኛችው፤ የሚያውቀው እግዚአብሔር እንደማይተኛ አምና ነው እንጂ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ጠላት በገባበት ዕለት በአምስተኛው ዓመት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ከግዞት የተመለሱ ነበሩ፥ በየቤታቸውም እልልታ ሆነ። ያልተመለሱም ብዙ ነበሩ። የእነርሱ ቤት ጥበቃ በዚያ ቀን አልተፈጸመም። ሚስት ተዝካር አወጣች፥ ከል ለበሰች፥ በቅዳሴም ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ ስለ ሙታን መነሣት የሚባለውን ከሕዝቡ ጋር አለች። በዚያም ስፍራ በግዕዙ የተጻፈው ግሥ ያው ተሰፈወ ነው።