ለቆጋ መንገድ የትኛው ጎማ?

ከቤት መኪና ወጪዎች ሁሉ እንደ ጎማ የሚያስደነግጥ የለም። ነዳጅ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይወስዳል፤ ዘይትም ቀኑ የታወቀ ነው። ጎማ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ አራቱም በአንድ ጊዜ «በቃን» ይላሉ። የእኛ ግራንድ ቪታራ ጎማዎች ጥርሳቸው ያለቀው ክረምት ሊገባ ሲል ነው።

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። አማቴ ደግሞ ቆጋ ናቸው፤ ግድቡ ከሚያለማው 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት አጠገብ። እስከ መራዊ 35 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወጥተን የመስኖ ቦዩን ተከትለን በአፈር መንገድ እንሄዳለን። በበጋ ችግሩ አቧራ ብቻ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ያ ቀይ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ልጆቹን ይዘን በወር ሁለት ጊዜ እንመላለስበታለን።

ባለቤቴ ሐሳቡን ቀድሞ ጨርሶ ነበር። ጥርሱ የትራክተር የሚመስል የጭቃ ጎማ በስልኩ አሳየኝ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ምን ለመሸጥ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያደርስ የሚታይ የጭቃ ጎማ ማስታወቂያ አላጋጠመኝም። የእሱ ምክንያት ግን ፎቶው አልነበረም። «እናቴ ስኳር አለባት። ነሐሴ ላይ በሌሊት ብትታመምስ?» አለኝ። ይህ በቀልድ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። በወር የምንነዳው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከአስፋልት ውጪ ያለው 50 አይሞላም፤ እሱም ጭቃ የሚሆነው በክረምት ብቻ ነው።

ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሸጡ ጎማዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። «ኤችቲ» የሚባለው ለአስፋልት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭቃ ላይ ግን ቶሎ ይሸነፋል። «ኤምቲ» የጭቃ ነው፤ ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ስለሆኑ ጭቃውን እየወረወረ ይወጣል። «ኤቲ» በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ጠጠሩንም፣ መጠነኛ ጭቃውንም፣ አስፋልቱንም ይችላል።

ክርክራችንን የፈታው ግን ሌላ ነገር ነው። የተራራቀው ጥርስ አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ትንሽ ነው። በዚህ የተነሣ የጭቃ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። የመራዊን መንገድ በክረምት ምሽት የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፦ ከብት ይሻገራል፣ ጋሪ ያለ መብራት ይሄዳል፣ ባጃጅ ድንገት ይታጠፋል፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ጠርዙን ሞልቶታል። ጭቃ ውስጥ የቀረ መኪና ያዘገያል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ በጊዜ ያልቆመ መኪና ግን ሰው ይገድላል። ባለቤቴም ይህን ሲሰማ ስልኩን አስቀመጠ። ኤቲ እንዲሆን ተስማማን።

ቀጥሎ ሱቅ ለሱቅ መዞር ሆነ። በመጀመሪያው ሱቅ የእኛ ልክ የለም ተባልን። የቪታራችን ጎማ 225/70 አር 16 ነው፤ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች። «225/75 ውሰጂ እህቴ፣ ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም መኪናሽ ከፍ ይላል» አለኝ ሻጩ። ልዩነትማ አለው። ጎማው በቁመት 22 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ቆጣሪው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 103 አካባቢ ይሆናል። ፋብሪካው ባወጣው ልክ መቆየትን መረጥን።

በሁለተኛው ሱቅ ልኩም ዋጋውም ጥሩ ነበር። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ፈለግሁ። 2316 ይላል፤ በፈረንጆች 2016፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። «እህቴ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተነዳም እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ሆኖ ያረጃል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ባያልቅም ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። አመስግኜ ወጣሁ።

«ሁለቱን ብቻ ብንቀይርስ?» የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር፤ በጀቱ ያጓጓል። ጎሚስታችን ግን አልተቀበለውም። የእኛ መኪና አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ የሚያሽከረክር ስለሆነ አዲስና ያለቀ ጎማ ሲቀላቀል ዙራቸው እኩል አይሆንም፤ ጫናውም ዲፈረንሻሉ ላይ ያርፋል። የልጆቹን የበዓል ልብስ ወደ ሌላ ጊዜ አስተላልፈን አራት አንድ ዓይነት ገዛን። ባላንስና አላይመንት አሠራን፤ ነፋሱንም ጎማው ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ አስሞላን። ያለቀው የስኮርታ ጉዳይ ለሚቀጥለው ደመወዝ ተላለፈ።

የባለቤቴ ጥያቄ ግን በጎማ ብቻ አልተመለሰም፤ ኤቲ ጎማ የነሐሴን ጭቃ ሁሉ አያሸንፍም። ስለዚህ ለአማቴ እሳቸው ጋ ሄደን በግልጽ ነገርናቸው። «ልጄ፣ እኔን አደርሳለሁ ብላችሁ ልጆቹን ቦይ ውስጥ እንዳትከቱብኝ» አሉኝ። ክረምቱን ባሕር ዳር ከእኛ ጋር እንዲያሳልፉ ለመንናቸው፤ ማሳውንና ላሞቹን ለማን ትቼ ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሰኔ ላይ ባሕር ዳር መጥተው ይመረመራሉ፤ የሁለት ወር መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። ክፉ ሌሊት ከመጣ ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ያደርሷቸዋል፤ እኛም እዚያ እንጠብቃለን። ጎረቤቶቹ «ይሄ ድሮም የእኛ ሥራ ነው» አሉን።

እናንተም ክረምቱ ሳይገባ ጎማ የምትቀይሩ ከሆነ በቅድሚያ የምትነዱበትን መንገድ በኪሎ ሜትር ቁጠሩ፤ የምታልሙትን ሳይሆን የምትውሉበትን። ከዚያ ልኩን፣ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ራሳችሁ አንብቡ። መኪናው የማያልፍበት ቦታ ካለ ደግሞ ያንን ከጎማ ሻጩ ጋር ሳይሆን እዚያ ከሚኖሩት ዘመዶቻችሁ ጋር ተመካከሩበት።