ጥርስ ከመንቀል በፊት

የታመመ ጥርስ በአገራችን ሸንጎ ፊት ሲቀርብ ፍርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይነቀል ይባላል። እኛ ጠዳዎችም ከዚህ ልማድ አልወጣንም። አንድ ሰው ጉንጩን ደግፎ ሲሄድ የታየ እንደ ሆነ፥ አንዱ ቅርንፉድ ንከስበት፥ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ያዝበት ይለዋል፤ ሁሉም አልሆን ሲል «ምን ታስታምመዋለህ? አስነቅለህ አትገላገልም?» የሚል አይጠፋም። እኔ ይህን ምክር አልንቀውም። መንቀል ሕመሙን ቶሎ ይቆርጣል፤ ወጪውም ያንሳል። ደመወዙ ወር ሳይደርስ ለሚያልቅበት ጸሐፊና ከቤቱ ስንቅ ለሚጠብቅ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ የተነቀለ ጥርስ ይግባኝ የለውምና ከፍርዱ በፊት የተከሳሹን ቃል ጥቂት ቢሰሙ ይሻላል።

ጥርስ ከላይ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል እንጂ በውስጡ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ፤ እርሱም በቀጫጭን ቦዮች እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ሽማግሌዎች «ትል በላው» የሚሉት፥ ትል ሳይሆን በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው። በአሜሪካ ሦስት ተመራማሪዎች በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት የአይጦችን ጥርስ ሰርስረው ክፍቱን ተዉት። እንደ ወትሮው ያደጉት አይጦች ጥርሳቸው ውስጡ ሞቶ መግል ያዘ፤ ከተሐዋስያን በጸዳ ቤት ያደጉት ግን ምግብ በቀዳዳው እየገባ እንኳ ቁስላቸው ጠገገ። የጥርስ ሥር ሕክምና፥ በተለምዶ ሩት ካናል የሚባለው፥ እንግዲህ እነዚህን ቦዮች ጠርጎ፥ አጥቦና ደፍኖ ተሐዋስያኑን ማስወጣት ነው።

«ይበረክታልን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ስትሪንድበርግ የሚባል የስዊድን ሐኪም በ1956 (እ.ኤ.አ.) የሕክምናው ውጤት በምን በምን እንደሚወሰን መርምሮ ጻፈ። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በዚያው አገር ሾግረንና ባልደረቦቹ፥ ከታከሙ ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆናቸውን ጥርሶች መልሰው አዩ። በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው አጥንት ሳይጎዳ ከታከሙት ከመቶ 96ቱ ደኅና ነበሩ። ውስጣቸው ሞቶ አጥንቱም ከተጎዳ በኋላ የታከሙት ግን ከመቶ 86 ሆኑ። ፊተኛው ሕክምና ሳይሳካ አጥንቱ ተጎድቶ እንደ ገና የታከሙት ከመቶ 62 ብቻ ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዳኛ ጊዜ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለጥርስም ይሠራል።

ሁለተኛው የሐኪሙ እጅ ነው። መሙያው ከሥሩ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ያህል ሳይርቅ፥ ጫፉንም አልፎ ሳይወጣ፥ ክፍተት ሳይተው መድረስ አለበት፤ ይህንንም የሚያሳየው ራጅ ነው። ምራቅ ተሐዋስያንን ይዞ እንዳይገባ ጥርሱ በቀጭን ላስቲክ ይከለላል፤ ቦዩም በረኪና በተሠራበት በዚያው ቅመም ይታጠባል። ሦስተኛው ከላይ ያለው ክዳን ነው። ሥሩ የቱን ያህል ቢደፈን፥ አናቱ ካፈሰሰ በሽታው በዚያው በር ይመለሳል።

አራተኛው ታማሚው ራሱ ነው። እኔ የታችኛው መንጋጋዬን ሳሳክም ከጠዳ በአዘዞ በኩል ጎንደር ከተማ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ እሳት ላይ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ጸጥ አለ። ሰው የሚፈተነው ይኸን ጊዜ ነው፤ አለቃን ፈቃድ መለመን አለ፥ የመኪና ኪራይ አለ፥ ጥርሱም አያምም። አንድ ወጣት ጎረቤቴ በዚሁ ተታሎ ቀረ። ለጊዜው የተደረገለት ክዳን ተሸረፈ፤ ከወራት በኋላ ጥርሱ ጥሬ ሲቆረጥም ለሁለት ተሰነጠቀና ተነቀለ። ሕመም ዝም ማለቱ ነርቩ ስለ ሌለ ነው፤ በሽታው ስለ ጠፋ አይደለም።

እኔ ለጥርሴ መሸፈኛ ያስፈለገውን ገንዘብ ከደመወዜ በሁለት ወር አጠራቀምሁ። ከዓመት በኋላ ራጅ ስነሣ በሥሩ ጫፍ የነበረው ጥቁር ጥላ ጠቧል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። የአውሮፓ የሙያው ማኅበር መመሪያ እንዲህ ያለውን ጥርስ እስከ 4 ዓመት መከታተል ይገባል ይላል። ስለዚህ ድኛለሁ ብዬ አልፎክርም፤ ግን በዚያው ጥርስ ቆሎ እቆረጥምበታለሁ።

ሁሉ ጥርስ ይድናል ማለቴም አይደለም። እስከ ሥሩ የተሰነጠቀው፥ ከላይ ክዳን የሚሸከም አካል ያልቀረለት ቢነቀል ይሻላል። ነገር ግን ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፥ ጠዳም ዛሬ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለባት አገር ናትና፥ ምክራችን ከጉጠት ባያልፍ ያሳፍራል። ጥርስዎን ያመመዎት እንደ ሆነ ሐኪሙን ይህን ይጠይቁት፦ አጥንቱ ተጎድቷልን? ስንት ጊዜ ልመላለስ? ክዳኑ መቼ ይሠራል? ጠቅላላ ወጪውስ? መልሱን ሰምተው፥ ኪስዎንም ዳስሰው፥ ከዚያ በኋላ ይፍረዱ።