መቻል ትዝ አለኝ

ዛሬ ጠዋት ከኦክላንድ ተነስቼ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፎርት ፈንስተን ሄድኩ። ድሮ የጦር ምሽግ ነበር፤ አሁን የውሾች መንደር ነው ብል ይሻላል።

ገደሉ 60 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሥሩ ፓስፊክ ያጓራል፣ ከላይ ሰዎች በክንፍ ይንሳፈፋሉ። ውሾቹ ግን ለዕይታው ደንታም የላቸው። ያለ ማሰሪያ አሸዋው ላይ ይፈነጫሉ፤ ብቻ ሲጠሩ መመለስ አለባቸው።

አንዱ ከባሕር የወጣ ቡችላ መጥቶ አጠገቤ ተራገፈ። ሱሪዬ በሙሉ አሸዋ! ጌታው ይቅርታ ሲለኝ ሳቄ መጣ።

የኛ ቤት ውሻ መቻል ይባል ነበር። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ለጥበቃ ይፈታል። አንድ ቀን እንኳ ከግቢ አውጥተን አዙረነው አናውቅም። እማዬ ይህን ብታይ "ወይ ጉድ፣ ለውሻ መናፈሻ?" ማለቷ አይቀርም።

የእናንተስ ውሻ ስሙ ማን ነበር? እስቲ ጻፉልኝ።