ያደረ ሩዝ

ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱ ነውር ነው እየተባለ ባደግሁበት ልማድ ምክንያት፥ እኔም እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ ከምድጃ ርቄ የኖርሁ ሰው ነኝ። የሚከተለውን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን ሳይሆን፥ በቤቴ የደረሰው ስሕተት በሌላው ቤት እንዳይደርስ በማሰብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ስንኖር፥ ባለቤቴ የታመሙ እናቷን ለማስታመም ወደ አዲስ አበባ ሄደችና፥ እኔና የ12 ዓመት ልጃችን ለ3 ወር ብቻችንን ቀረን። አዘጋጅታልን የሄደችው ወጥ ባለቀ ጊዜ፥ ማታ ማታ ከቻይናዎች ምግብ ቤት የተጠበሰ ሩዝ በወረቀት ሣጥን እየገዛሁ እገባ ጀመር። ልጁ የራሱን ሣጥን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔም የራሴን ይዤ ለብቻዬ እቀመጣለሁ። ከወጪው ይልቅ ያሳዘነኝ አብሮ መብላታችን መቅረቱ ነበር።

ስለዚህ ይህንኑ ምግብ በቤት ለመሥራት ቈረጥሁ። መጀመሪያ ሩዙን ቀቅዬ፥ ትኩሱን እንዳለ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጥበሻ ላይ ገለበጥሁት። ልጄም ቀምሶ፥ «አባዬ፥ ይህስ ገንፎ ነው» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ የምግብ ቤቱን አብሳይ ምክር ብጠይቀው፥ «ያደረ ሩዝ ይጠቀሙ» አለኝ። የት እንደሚያድር ግን መጠየቅ አፈርሁ፤ ትልቅ ሰው ሆኜ ስለ ድስት ስመራመር መታየቱን አልወደድሁትምና። ሩዙንም ቀቅዬ ከነድስቱ ከጠረጴዛ ላይ አሳደርሁት።

በማግስቱ ማታ ጠብሼ አቀረብሁ፤ መልኩም ጣዕሙም መልካም ነበር። ነገር ግን ጥቂት ሰዓት ሳይቈይ ልጁን ያስመልሰው ጀመር፤ ሌሊቱንም ሙሉ ራሱን ደግፌ፥ ለእናቱ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልሁ አነጋሁ። ሐኪሙም ነገሩን አስረዳኝ። ባሲለስ ሴሬውስ የሚባል ተሕዋስ አለ፤ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ የተቀቀለው ሩዝ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቈይም ተራብቶ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም እንደ ገና በመጥበስ አይጠፋም። ልጄ በማግስቱ ዳነ፤ እኔ ግን ለመጠየቅ በማፈሬ ያመጣሁትን ጣጣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ወደ አብሳዩ ተመልሼ ሁሉንም ያለ እፍረት ጠየቅሁ። ሩዙ እንደ ተቀቀለ በሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ እንፋሎቱ ይወጣለታል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላውም ማቀዝቀዣ ገብቶ ያድራል። በብርድ ያደረ ሩዝ ይጠነክራል፥ ላዩም ይደርቃል፤ ስለዚህ ሲጠበስ ፍሬ ፍሬው ይለያል። መጥበሻው አስቀድሞ በደንብ ይግላል፤ ዕንቍላሉ በዘይት ተጠብሶ ይወጣል፤ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብልና በደቃቁ የተከተፈ ካሮት ይገባል። የቤት ምድጃ እሳት እንደ ምግብ ቤቱ ኀይለኛ ስላይደለ፥ ሩዙን በሁለት ጊዜ ከፍሎ መጥበስ ያሻል፤ ብዙ ከተጨመረ መጠበሱ ቀርቶ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። የካንቶን ሰዎች ኀይለኛ እሳት የሚሰጠውን መዓዛ «ዎክ ሄይ» ይሉታል፤ የመጥበሻው እስትንፋስ ማለት ነው። በመጨረሻ ዕንቍላሉ ይመለሳል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጥቍር መረቅም ጠብ ይደረግበታል፤ መረቁ ጨዋማ ስለ ሆነ ሌላ ጨው አይበዛም። በጾም ቀን ዕንቍላሉን ማስቀረት ነው።

ባለቤቴ በተመለሰች ማታ ሦስታችን በአንድ ገበታ ተቀመጥን። ቀምሳም፥ «ማን ሠራው?» ብትል፥ ልጄ እኔ አፌን ሳልከፍት፥ «አባዬ ነው፤ ሩዙንም ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያሳደረው» አላት። እኔም የቀረውን ታሪክ ያን ጊዜ ነገርኋት።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ የባዕድ አገር ምግብ በቤታችሁ ለመሥራት ብትወዱ ሥራው የሚከብድ አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹን ሰምታችሁ አትነሡ፤ እስከ መጨረሻው ጠይቁ።