17ኛው ጥያቄ

ላሊበላ የመጣ እንግዳ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ ይመለሳል፤ ወደ ሰሜን ዘልቆ ብልባላ ጊዮርጊስንና ብልባላ ቂርቆስን የሚያይ ጥቂቱ ነው። እኛ ግን ብልባላን የምናውቃት በስንቅ ነው። ከየገጠራችን ወጥተን፥ ለአራት አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይተን፥ እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ ተሸክመን እየገባን፥ ዓርብ ባዶ አቁማዳ ይዘን ወደየወላጆቻችን እየወጣን ነው የተማርነው። ስንቁ ረቡዕ ካለቀ ሐሙስ ቆሎ ነው፤ ቆሎው ካለቀ ዝም ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያችን 15 ቢሆን ነው።

ዝምታን በደንብ የተማርነው እዚያች ቤት ውስጥ ይመስለናል። ከአራታችን አንዱ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ እንሰማዋለን። ሲነጋ "እንዴት አደርክ?" ስንለው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፤ እኛም "ይመስገን" ብለን ወደ ክፍል እንሄዳለን። "ሆድ ይፍጀው" እየተባልን ነዋ ያደግነው! አንድ ዓርብ ያ ልጅ እንደ ወትሮው አቁማዳውን ይዞ ወጣ፤ እሑድ ግን አልተመለሰም። ትምህርቱን በዚያው ተወ። ቤት አከራያችን እትዬ ብቻ፥ "ይህ ልጅ ፊቱ ልክ አልነበረም። አብራችሁት እየተኛችሁ ምነው አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነህ ነው ሳትሉት?" አሉን። መልስ አልነበረንም።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ሦስታችን ወደ ብልባላ ስንመለስ የሥነ ልቡና ተማሪዎች ሆነን፥ ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ይዘን ነበር። ጊዜው ለተማሪ ክፉ ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ደርሶ ትምህርት ተቋርጧል፤ ስንቱ ሸሽቶ ተመልሷል፥ ስንቱ ዘመዱን ቀብሯል። በዚህ ላይ በ2015 ጥር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፥ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 3 ተማሪ ያህል ብቻ ሆኑ። "እንግዲህ ለምን እንማራለን?" የማይል ተማሪ አላገኘንም።

መጠይቁን እኛ አልፈጠርነውም። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ ነው፤ በአገራችንም እነ ዶክተር አታላይ ዓለም በቡታጅራ ገጠር የአእምሮ ጤናን ሲያጠኑ ሠርተውበታል። ስላለፈው አንድ ወር ይጠይቃል፤ መልሱ "አዎን" ወይም "የለም" ነው። ራስህን ያምሃል? ምግብ አልበላ ይልሃል? እጅህ ይንቀጠቀጣል? ከሰውነት መጀመሩ መልካም ነው፤ የኛ ሰው ኀዘን የሚወጣው በራስና በሆድ በኩል ነውና። ይሁን እንጂ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፥ "ሆዴን ባር ባር ይለኛል የሚለው ስንተኛው ላይ ነው?" ብላ ጠየቀችን። ወረቀቱን ገለጥነው፤ የትም የለም። "ለሱ የሚቀርበውን ሙዪ" ብለን አለፍናት። አሁን ስናስበው ያሳፍረናል። እሷ የራሷን ጭንቀት በስሙ ጠርታልን ነበር፤ እኛ ግን ሣጥን ፈለግንለት።

17ኛው ጥያቄ ሕይወትህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። ማታ ወረቀቱን በባትሪ መብራት ስንደምር አንደኛው ላይ "አዎን" የሚለው ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። "ስማችሁን አትጻፉ፥ ማን እንደ ሆናችሁ ማንም አያውቅም" ያልናቸው እኛው ነን። ቀን የሰጠነው ተስፋ ሌሊቱን እንደ እርግማን ተሰማን። አንዳችን "ለዳይሬክተሩ እንንገር" አለ። ሌላው "ምን ብለን? የማንን ስም ጠርተን? ደግሞስ ቃላችን?" አለ። ሦስተኛችን ወረቀቱን ይዞ ዝም አለ። የመጠይቁ መጨረሻ ላይ "ችግር ከተሰማዎ ወደሚቀርብዎ የጤና ተቋም ይሂዱ" የምትል መሥመር አለች። ማን ይሄዳል? ስለ አእምሮ ሲነሣ የኛ አገር ሰው ቶሎ የሚታየው የአዲስ አበባው አማኑኤል ነው፤ ያም "አበደ" ለመባል ነው።

በማግሥቱ መምህራኑን አስፈቅደን በየክፍሉ ገባን። "ወረቀታችሁን አንብበናል። ከባድ ነገር የያዘ ሰው አለ። የትኛው ወረቀት የማን እንደ ሆነ አንጠይቅም። ከግቢው ጀርባ ወይራው ሥር ሦስት ቀን እንቀመጣለን፤ ማንም ለምንም መምጣት ይችላል" አልን። የመጀመሪያውን ቀን የመጣ የለም። በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ ዩኒቨርስቲ ውስጥ የቱ ትምህርት ይሻላል ብሎ መጣ፤ ሲያወራ ቆይቶ ስለ ወንድሙ ማልቀስ ጀመረ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ፥ "ጋሼ፥ የራስ ምታት ክኒን አላችሁ?" አለች። "ክኒን የለንም፤ ግን ተቀመጪ" አልናት። ተቀመጠች። እናቷ ሸጣ ያስተማረቻትን በግ እየቆጠረች፥ "ብወድቅ በየት ፊቴ እገባለሁ?" አለችን። በሦስተኛው ቀን ወይራው ሥር ቦታ ጠበበ። ንስሐ አባቱን ያማከረም፥ ጠበል የተጠመቀም ነበረ፤ ይህን ማንም እንዲተው አልነገርነውም። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያምኑት አንድ የሳይንስ መምህር እንዳለ ነገሩን፤ ለመምህሩ አደራ ሰጥተን ወጣን።

17ኛው ላይ "አዎን" ያለው ማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ይምጣ አይምጣም አናውቅም።

ጽሑፋችን ግን አለፈ፤ ጥሩ ማርክም አገኘ። ያ ወረቀት እዚያ ውስጥ ከመቶኛው ተደምሮ አንድ ነጥብ ሆኗል። በመጨረሻው ምዕራፍ እንደ ደንቡ "ለተማሪዎች የሥነ ልቡና ድጋፍ ሊሰጥ ይገባል" ብለን ጻፍን። ማን ይስጥ? ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። በዚያው ዓመት በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ የሚሰጠው ብቻ ሳይሆን የሚሰጥበትም ቦታ ጠፋ።

በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። በየትምህርት ቤቱ የሠለጠነ የሥነ ልቡና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ በዚህ አንከራከርም። እስኪመጣ ግን ምን ይደረግ? በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምረው አያቶችን አሠልጥነው በየጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። አያቶቹም ሕመሙን በሾና ቋንቋ "ኩፉንጊሲሳ" ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። ሰዉ በሚያውቀው ስም ጠርተው ይጀምራሉ። የኛዋ እትዬም ሳይሠለጥኑ የልጁን ፊት አንብበው ነበር፤ ሰሚ አጡ እንጂ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት መጠይቅ ይዛችሁ የምትወጡ ጓደኞቻችን፥ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደሚሰማ ወስኑ። "ባር ባር ይለኛል" ለሚል ልጅ ባዶ መሥመር ተዉለት። "አዎን" የሚል ወረቀት ቢገኝ ምን እንደምታደርጉ ቀን ሳለ ተነጋገሩ፥ ሌሊት በባትሪ መብራት ሳይሆን። ስንቃችሁንም ስትቋጥሩ የሦስት ቀን ጨምሩበት።