ብስክሌቱም ሒሳብ አለው

ልጅ ይዛችሁ ታክሲ ተጋፍታችሁ ታውቃላችሁ። ብስክሌት የያዘ ልጅ ይዛችሁስ?

የእህቴ ቤተሰብ የካዛንቺስ ሰው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋር ገላን ጉራ ገቡ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃቸው የከፋው በጓደኛው ነው፤ የጓደኛው ቤተሰቦች ዘመድ ጋ ተጠግተው እዚሁ ቂርቆስ ቀሩ። አሁን ደግሞ ካዛንቺስ የብስክሌት መስመር ተሠርቶላታል። «አክስቴ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ከነብስክሌቴ ውሰጂኝ» አለኝ።

አውቶቡሱ «ይሄ ዕቃ ነው፣ አይገባም» ብሎ መለሰን። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው በአንድ እግሩ በቆመበት ብስክሌት የት ይቆማል? የሚኒባሱ ረዳት ግን አየት አደረገንና «ማዘር፣ ለሱም የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» አለ። ከፈልኩ። መሪው የአንዲት ሴት ጉልበት ላይ አርፎ፣ እኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ ደረስን፤ ስንወርድ ፍሬኑ ተጣሟል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ብልህ ሆንኩ። እናንተም ከመነሻው ተሳፈሩ፤ መንገድ ላይ ብስክሌት ላየ ሾፌር ማቆም ጭንቅ ነው። ዋጋውን ሳትጭኑ ተነጋገሩ። ፖርቶመጋላ ያለው መኪና ምረጡ፤ መሪውን ወደ ጎን አዙሩ፤ ካቴናው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። ረዳቱ «ገመድ አለኝ» ቢላችሁም የራሳችሁን ያዙ። ፔዳሎቹንም ፍቱ። የግራው እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፤ ይህን እስካውቅ ግማሽ ሰዓት ታግያለሁ።

ሲያትል ላለች ጓደኛዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። እዚያ አውቶቡሶቹ ከፊታቸው የሚታጠፍ የብስክሌት መጫኛ ብረት አላቸው፤ ተሳፋሪው ራሱ ሰቅሎ ይገባል፣ ተጨማሪም አይከፍልም። እኛ ጋ ብስክሌት የሚነዳበት መስመር ተሠርቷል፤ ከሩቅ ሰፈር ለሚመጣ ልጅ ወደ መስመሩ የሚያደርሰው ነገር ግን ገና አልታሰበበትም።

ጓደኛው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀን ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ትንሽ እንደነዱ የእህቴ ልጅ አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆመና «በራችን እዚህ ጋ ነበር» አለ።

«አይደለም፣ ወረድ ብሎ ነው» አለው ጓደኛው።

ተከራከሩ፤ በእርምጃ ለኩ፤ አልተስማሙም። ከዚያ ተያይዘው ቁልቁል ሄዱ። እኔ የፔዳል መፍቻውን ይዤ አንድ ጥግ ተቀመጥኩ። እስከ አሥር ሰዓት አልተመለሱም።